ሁለት መስመር

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ከአራተኛ ፎቃችን
ደረጃ እየቆጠርን ወረድን አራታችን፤
እማዬ በነጠላ፣ እኔ በአዲስ ጫማ፣
ትንሿ ሶስና ደግሞ ሁላችንን ቀድማ።
አባዬ ግን ከኋላ፣ ዓይኑ ደፍርሶ፣
ከገላን መጋዘን ጧት አንድ ሰዓት ደርሶ፣
«ለዚህ ነው ያስተማርነው? አዝማሪ እንዲሆነን?»
«ተውኔት ነው» ትላለች እማዬ፣ «እባክህ ተወን።»

ትኬቱን እኔ ገዛሁ። ዋጋውን ለአባዬ
በግማሽ ቀንሼ ነገርኩት፤ እማዬ
አይታኝ ሳቀች ብቻ።

ሚኒባሱ ሞላ። ረዳቱ «ጠጋ በሉ» አለ፤
የሶስና እግር ጭኔ ላይ ተንጠለጠለ።
በመስኮት ያላለቀ ፎቅ፣ የሲሚንቶ መኪና፣
አቧራ፣ ደግሞ አቧራ፣ እንደገና
ያላለቀ ፎቅ።

አዳራሹ የፋብሪካው ነው፣ አቃቂ፣ ከበሩ ግራ።
እማዬ ደፉ ላይ ቆመች፣ ሰው እንደ ጠራት፣ በስሟ ተጠርታ።
«እዚህ ነበር» አለች፣ «ተሰልፈን የቆምነው፣
ጥጥ ጸጉራችን ላይ እንዳለ፣ ደሞዝ የጠበቅነው፤
ያኔ መድረኩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ብቻ ነው።»

መጋረጃው ሄደ፣ ግማሹ እምቢ ብሎ፤
አንድ ልጅ ጎተተው ከጀርባ ተንጠላጥሎ።
አንዲት ሙሽራ አለች፣ መናገር የተወች፣
እሺም ሆነ እምቢ በዜማ የምትመልስ ነች፤
አማቷ በከበሮ፣ ባሏ በማሲንቆ፣
ሰፈሩ ተጣልቶ፣ ደግሞ በእስክስታ ታርቆ።
ሶስና አፏን ከፍታ፣ ቆሎዋን ረስታ፣
እማዬ በእግር ጣቷ ወለሉን መትታ።
አባዬስ? አባዬ ገና ከጅምሩ
ክንዱን አጣምሮ፣ ተቋጥሮ ግንባሩ፣
«ማጉያው ጮኸ» አለ፣ ቀጥሎ «ሙቀት አለ»፤
ከዚያ ወዲያ ዝም። እኔም ልቤ ተደላደለ፣
ወደደው ብዬ ነው።

ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ሌሊት በሆነበት
(ሰማያዊ መብራት ነው ሌሊት የሚባልበት)
ወንድሜ ይትባረክ ወጣ፣ ሁለተኛው ዘበኛ፤
ካፖርቱ የአባዬ፣ ዱላውም የእኛ።
ፊቱን ዱቄት ቀብተው፣ በከሰል ጢም ስለው፣
ዐሥራ ሰባት ዓመቱን ሃምሳ አስመስለው።
ሁለት መስመር ነበር ድርሻው በጠቅላላ፣
ሦስት ወር የሰማነው ከሻወር በር ኋላ፦

«ማነው በዚህ ሌሊት በሩን የሚመታ?
እኔ ነቅቻለሁ፤ ተኙ በእርጋታ።»

ድምፁ ተሰነጠቀ «ነቅቻለሁ» ላይ፤
ግን አልቆመም። ዘልቆ አዳራሹን ሲያይ
ዓይኑ እኛ ጋ ደረሰ። ዞርኩ ወደ አባዬ፣
«አየኸው?» ልል ነበር።
አባዬ

አንገቱ አርፏል በእማዬ ትከሻ፣
ያለ ሰዓት ማንቂያ፣ ያለ ፉጨት፣ ያለ ውሻ።
ክርኔን አነሳሁ። እማዬ እጄን ያዘች፤
«ተይው» አለች በዓይኗ። ከዚያ ልጇን አየች።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ንብረት ጠብቆ፣
መብራት እየቆጠረ፣ ከብርድ ጋር ተናንቆ፣
«ነቅቻለሁ፣ ተኛ» ያለው ማን ነበር፣
ካርቶን በር ላይ ከቆመው ከልጁ በስተቀር?

ሲያልቅ ጭብጨባው ጮኸ፤ አባዬ ነቃ፣
ኪሱን ዳበሰ፣ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ከዚያ በቃ፣
ተነስቶ አጨበጨበ ከሁሉም አብልጦ፣
ከእንቅልፉ የተረፈ እንባ ከዓይኑ አምልጦ።

ውጪ ይትባረክ መጣ፣ ጢሙ ገና አልለቀቀው፤
«እንዴት ነበር?» አለ። እያወቀ ጠየቀው።
«ጥሩ ነው» አለ አባዬ፣ «ብቻ ዘበኛ ዱላ
አይይዝም እንዲህ አርጎ፣ እንደ ጃንጥላ።»
እዚያው መንገድ ዳር ላይ ቆሞ አሳየው፤
ስንት ታክሲ አለፈ፣ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ!» ያለው።

ማታ በአንድ ሰዓት ካፖርቱን ሲደርብ
አንገትጌው ዱቄት ነው። እማዬ ብሩሽ ይዛ ስትቀርብ
«ተይው» አላት። ወረደ፣ ደረጃውን በዝግታ፣
እያንጎራጎረ፣ «ማነው... የሚመታ...»
ሁለተኛው መስመር ጠፋበት መሰለ፤
ጫማው ብቻ፣ እስከ ምድር ቤት፣ ኳ፣ ኳ እያለ።